ዝርዝሩ ትንሽ ይታገስ

በአምቡላንስ ጥሪ ክፍሉ ውስጥ አንዷን ሠራተኛ «መትረየስ» ይሏታል። የሾፌሮቹን ሬዲዮ እያዳመጠች ስትጽፍ ጣቶቿ ለዓይን አይያዙም። ባልደረቦቿ የመዘገቡት ሕመምተኛ በእሷ ዝርዝር ላይ ይወጣል፤ መኪና የምትልከው እሷ ናት። የምትጽፍበትን ድረ ገጽ የሠራው ደግሞ ታናሽ ወንድሟ ነው። ያንን ሥራም ያገኘው እሷ ደጅ ጠንታለት ነው።

ገጹ መጀመሪያ ላይ ቀርፋፋ ነበር። አንድ ፊደል በተነካ ቁጥር የሕመምተኞቹ ዝርዝር በሙሉ ካልታደስኩ ብሎ ድርቅ ይላል።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ኤሊህ ሰው ያስገድለኛል!» ትለዋለች።

እሱም መላ ዘየደ። ፊደሉ ወዲያው ይታይ፣ ዝርዝሩ ትንሽ ይታገስ፤ ሌላ ፊደል ከመጣም የጀመረውን ትቶ እንደ አዲስ ይነሳ። ራሱ ሞከረው። ምን ዋጋ አለው፣ እሱ በሁለት ጣት እየለቀመ የሚጽፍ ሰው ነው! በየፊደሉ መሃል ዝርዝሩ ፋታ አግኝቶ ይታደሳል። ደስ አለው።

«እሰይ የእናቴ ልጅ!» አለችው መትረየስ፣ ጣቶቿን እንዳሻቸው እየለቀቀች።

አንድ ቀን ከባድ ዝናብ መንገዶቹን ዘጋጋ። ሾፌሮቹ ሁሉ በአንዴ ያወራሉ፣ እሷ ቀና ሳትል ትጽፋለች። በዚህ መሃል አንዷ ባልደረባዋ ደረቱን ጨምድዶ የያዘው አንድ አባወራ መዘገበች። በመትረየስ ዝርዝር ላይ ግን አልወጣም፤ ጣቶቿ ፋታ አልሰጡትማ። ውሃ ልትጎነጭ እጇን ስታነሳ ስሙ ከላይ ብቅ አለ። ያን ጊዜ ሁሉ ባዶ አምቡላንስ በጥሪ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ነበር። መኪናው ቤቱ ሲደርስ ሰውየው ፊቱ ተሸፍኗል።

«ዓይንሽ የት ነበር?» አሏት አለቃዋ ሰው ፊት።

ወንድሟ ነገሩን መርምሮ ደረሰበት። ሄዶ ለአለቃዋም ለእሷም ተናገረ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እትዬ። አንቺ ምን ታደርጊ?» ዝርዝሩ ከእንግዲህ ማንም ቢጽፍ ሳይዘገይ እንዲታደስ አድርጎም አስተካከለው። አለቃዋ ይቅርታ ጠየቋት። እሷ ወንበሯን ወደ ዝርዝሩ አስጠጋች።

ከሳምንታት በኋላ ከኋላዋ ቆሞ አያት። አንድ ቃል ትጽፋለች፣ ሁለቱንም እጆቿን ታነሳለች፣ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ታያለች፣ ከዚያ ሌላ ቃል። በሬዲዮው ሾፌሩ «ኧረ ቶሎ በይ!» እያለ ይጮኻል። መትረየስ ብሎ የሚጠራትም የለም።

«ተስተካክሏል እኮ፣ እትዬ» አላት። «በሞቴ፣ ዝም ብለሽ ጻፊ።»

«እየጻፍኩ ነው» አለችው። እጆቿ ጭኗ ላይ ነበሩ።