ፋሌሲና ሥራ ፈት ባትሪዎቿ

ፋሌሲ ባሏ የሞተ ሰሞን ከእንግዲህ ወዲያ አልስቅም ብላ ምላ ነበር። መሐላዋን ግን መጠበቅ አልቻለችም። ሳቅ እንደ ማስነጠስ ነው የሚመጣባት፤ አፏን ይዛ ብታፍነው በአፍንጫዋ ይወጣል። በንሳንጄ አውራጃ፣ ወንዙ ዳር ባለችው በናማሊንዲ መንደር ማንዳዚ የሚባለውን ክብ ጣፋጭ ብስኩቷን ስትጠብስ፣ ሊጡ ዘይት ውስጥ ገብቶ ሲንጫጫ እሷም አብራው ትንጫጫለች። ገበያተኛው ድስቷን ሳያይ ሳቋን ሰምቶ ነበር ወደ እሷ የሚመጣው።

ባትሪዎቹም እጇ የገቡት በሳቅ ነው። ያ የመንደሩን እኩሌታ ጠርጎ የወሰደው ጎርፍ ካለፈ በኋላ፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ለመንደሩ የጎርፍ ኮሚቴ ድሮን ሰጠ፤ ውሃ የከበበውን ሰው ከላይ ሆኖ እንዲፈልግ። ሮቃው ዛፍ ሥር ስብሰባ ተጠራ። ድሮኑን ቤቱ ማስቀመጥ የማይፈልግ አልነበረም። የመንደሩ ሹም ቺፑንዱ፣ "ሹም እያለ ማን ይነካዋል!" ብለው ወሰዱትና ቡፌያቸው ላይ በጥልፍ ጨርቅ ሸፍነው አኖሩት። ማብረሩን ዋይሶኒ የሚባል ስልክ ጠጋኝ ወጣት ተማረ። ባትሪዎቹ ግን ፈላጊ አጡ። አሰልጣኙ "በወጉ ካልተያዙ በእሳት ይያያዛሉ" ብሎ ነበርና ሁሉም እጁን ወደ ኋላ ደበቀ።

"ከእሳት ጋር ተላምዶ የሚኖር ማነው?" አሉ ሹሙ።

ሰው ሁሉ ዞሮ ፋሌሲን አያት።

"ኧረ እኔ የማውቀው የማንዳዚ እሳት ነው!"

"እሳት እሳት ነው። ተሹመሻል።"

ፋሌሲ ሳቋ አመለጣት። የሳቀች እሺ አለች ተብሎ ተቆጠረና አራቱን ባትሪዎች በሻሿ ቋጥራ ወደ ቤቷ ገባች።

አሰልጣኙ እንዲህ ብሏት ነበር፦ "ሥራ የፈታ ባትሪ እንደ ሰው ነው። ጠግቦ ከተኛ ይታመማል፤ ተርቦ ከተኛ ደግሞ ይሞታል። ግማሽ ሆዱን ነው ማደር ያለበት። ሙቀት ደግሞ ጠላቱ ነው።" ንሳንጄ ዶሮ እንኳ ጥላ ውስጥ አፏን ከፍታ የምታለከልክበት አገር ስለሆነ ፋሌሲ ብዙ አሰበች። በመጨረሻ የባሏን የጠላ ጋን አጥባ፣ በፀሐይ አድርቃ፣ በጓዳዋ ጥግ እስከ ወገቡ መሬት ውስጥ ቀበረችው። ከሥሩ ደረቅ አሸዋ ነሰነሰች። እያንዳንዱን ባትሪ በየራሱ ከረጢት ከትታ እዚያ አስተኛቻቸው። አልፎ አልፎ እያወጣች ሆዳቸውን በአውራ ጣቷ ትዳብሳለች፤ ያበጠ እንዳለ ለማየት ነው። ከዚያ ቁልፋቸውን ትጫናለች። በእያንዳንዱ ላይ ካሉት አራት ትንንሽ መብራቶች ሁለቱ ከበሩ ደግ ነው። አንዱ ብቻ ከበራ ባትሪው ርቦታል፤ ቻርጅ መደረግ አለበት።

ቻርጅ ማድረጊያው ደግሞ ያለው ከወንዙ ማዶ፣ የፀሐይ ኃይል ያለው ጤና ኬላ ውስጥ ነው። ለመሻገር ታንኳ ያስፈልጋል። ታንኳው የላሜኪ ነው።

ላሜኪ ሚስቱ የሞተችበት፣ እንደ ቀዘፋ ዘንጉ ረጅምና ቀጭን፣ ጠርዙ የተበላ የሳር ባርኔጣ የማይለየው ሰው ነው። ከሰው ይልቅ ከጉማሬ ጋር ማውራት ይቀናዋል። ፋሌሲ መጀመሪያ ቀን ባትሪዎቿን ጭኗ ላይ ይዛ ስትሻገር፣ ከፊታቸው ጉማሬዎች ብቅ አሉ። ላሜኪ ባርኔጣውን አነሳ።

"እንደምን አደራችሁ፣ የሰፈር ሰዎች? ልጆቹ ደህና ናቸው? እስቲ ትንሽ ጠጋ በሉልን፣ እንግዳ ይዣለሁ።"

ጉማሬዎቹ ጠጋ አሉ። ፋሌሲ በሳቅ ፈረሰች፤ ታንኳው ወዲያና ወዲህ ተንገዳገደ።

"ወይዘሮ ፋሌሲ፣ እንዲህ ከሳቁ ሁለታችንም የአዞ ምሳ መሆናችን ነው።"

"እርስዎ ካላሳቁኝ አልስቅም!"

"እኔ መች አሳቅሁ? ጎረቤት ሰላም አልኩ እንጂ።"

ጤና ኬላው ደጃፍ ላይ፣ ባትሪዎቹ ሁለተኛ መብራታቸውን እስኪያበሩ ተቀምጣ ጠበቀች። ላሜኪም አጠገቧ ተቀምጦ ጠበቀ። ማዶ ያሉ ተሳፋሪዎች "አንተ ባለታንኳ! ሞትክ እንዴ?" እያሉ ይጮሁበታል።

"ባትሪው እስኪጠግብ ነው!" ብሎ ይመልስላቸዋል።

"ግማሽ ነው እኮ የሚጠግበው" አለችው ፋሌሲ።

"እንግዲያው ግማሽ እስኪጠግብ። ምን ያስቸኩላል?"

ክረምቱ መጣ፣ ጎርፍ ሳይመጣ አለፈ። ቀጣዩም እንዲሁ። ድሮኑ ከጥልፍ ጨርቁ ሥር የሚወጣው ዋይሶኒ አንዳንዴ ለሙከራ ሲያበረው ብቻ ነበር። መንደሩም ቀልድ አገኘ። "ፋሌሲ፣ ታቅፈሻቸው ቀረሽ! እንቁላሎችሽ መቼ ነው የሚፈለፈሉት?" ይሏታል ማንዳዚ ሲገዙ። እሷም "ጫጩቱን ለአንተ ነው የምሰጠው" እያለች አብራቸው ትስቃለች።

ሌላ ምስጢር ነበራት። መጀመሪያ በሁለት ወር አንዴ ነበር የምትሻገረው። ከዚያ በየወሩ ሆነ። ከዚያ አንደኛው ባትሪ "ፊቱ ትንሽ ጠቆረብኝ" አለችና ሳምንት ሳይሞላ ሄደች። ባትሪ ፊት የለውም፤ እሷም ታውቃለች። በሄደች ቁጥር ግን ልቧ እንደ ሊጥ ኩፍ ይልባታል። ስትመለስ እግሯ መሬት የሚነካ አይመስላትም።

ጓደኛዋ ዘሊፋ ቤቷ ስትገባ ፋሌሲ አዲስ ቺቴንጄ አሸርጣ፣ ቅባት ተቀብታ ባትሪ ስትቋጥር አገኘቻት።

"ለመሆኑ ባትሪ አዲስ ሽርጥ ያያል እንዴ?"

"ጤና ኬላ ነው የምሄደው፤ ሰው አለ እኮ!"

"አውቃለሁ ሰው እንዳለ። ባርኔጣው የተበላ ሰው አለ።"

ፋሌሲ ትራሱን አንስታ ወረወረችባት። ሁለቱ ሴቶች መሬት ላይ ተንከባለሉ፤ ሃምሳን ያለፉ መሆናቸውን ማን ያምናል?

ዋይሶኒም ለሙከራ በረራ ሲመጣ ነገሩ ገባው። "እማማ ፋሌሲ፣ እንዲህ በየሳምንቱ መታየት የለባቸውም እኮ። ግማሽ ላይ ካሉ ተዪያቸው፣ ይተኙ" አላት።

ፋሌሲ እጁን ጨበጠችው። "ልጄ፣ ስሞትልህ፣ ለማንም እንዳትናገር።"

ልጁ ትንሽ አሰበና ፈገግ አለ። "ምን አገባኝ? በታንኳ መንሸራሸር ባትሪ አይጎዳም።"

አንድ ቀን ከአራቱ አንዱን ስትዳብስ ሆዱ ተነፍቶ አገኘችው። እንዲህ ያለው ቻርጅ አይደረግም፤ ከቤት ርቆ አሸዋ ውስጥ ይቀመጣል። ፋሌሲ ባልዲ አሸዋ ስትሞላ ዘሊፋ ደረሰች፤ አየችና "ኧረ ጉድ! አረገዘች!" ብላ ጮኸች። አጥር ጥግ የምታልፍ ሴት ጩኸቷን ብቻ ሰማች። ወሬው ከቤት ቤት ዘለለ፣ ወንዙንም ተሻገረ። ማዶ ሲደርስ "ፋሌሲ አረገዘች" ሆኖ ነበር።

ላሜኪ ተሳፋሪ ሳይጭን፣ ባርኔጣውን ሳያደርግ ቀዝፎ መጣ። ደጃፏ ላይ ቆመ።

"ማን... ማን ነው?" አለ እያለከለከ።

"ምኑ ማን ነው?"

"ያረገዘው... ማለቴ ያስረገዘው!"

ፋሌሲ ለአፍታ አፍጥጣ አየችው። ከዚያ ነገሩ ገባትና ባልዲውን እያሳየች፣ "ባትሪዋ ናት! ባትሪዋ!" እያለች መሬት ላይ ቁጭ አለች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ባቆመች ቁጥር ፊቱን ታይና እንደገና ትጀምራለች።

"አንቺ ሴትዮ ልትገድይኝ ነው!" አለ ላሜኪ።

ይኸን ሁሉ ጊዜ "እርስዎ" ሲላት ኖሮ "አንቺ" አላት። ላሜኪ የሚገባበት ጠፍቶት ዞረና ወደ ታንኳው ሮጠ። ፋሌሲ የዚያን ቀን ማንዳዚዋን በጨው ፈንታ ሁለቴ ስኳር ጨምራበት ሸጠች፤ ማንም ቅር አላለውም።

በሦስተኛው ክረምት ወንዙ ቀልዱን ተወ። ጠዋት ሬዲዮው ከላይኛው አገር ብዙ ውሃ እየወረደ ነው አለ። ዋይሶኒ እየሮጠ መጣ፦ "እማማ፣ ዛሬ ይጥገቡ! ሙሉ!" ላሜኪ ወዲያው አሻገራት። ሦስቱ ባትሪዎች አራቱንም መብራት አብርተው ስታያቸው ፋሌሲ እንደ ሙሽራ እናት ተርበተበተች። ላሜኪ መልሶ አደረሳትና ታንኳውን አዞረ።

"አሁን ደግሞ ወዴት?"

"ታችኛው ማሳ ላይ ሽማግሌው ፊሪ አሉ። ፍየሎቼን ትቼ አልወጣም ብለዋል።"

"ከነፍየሎቻቸው አምጣቸዋ! ቶሎ ና!" አለችው። እሷም "አንተ" ማለቷን ያስተዋለችው ታንኳው ከራቀ በኋላ ነው።

ላሜኪ አልተመለሰም። በማግስቱ ጠዋት ታንኳው ብቻውን ተገልብጦ ሲንሳፈፍ ታየ። ፋሌሲ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ሦስቱን ባትሪዎች እንደ ሕፃን በጀርባዋ አዝላ፣ መንደሩ ወደተሰበሰበበት ወደ ሹሙ ኮረብታ ወጣች። ያለ ሳቋ ያያት ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላት።

ዋይሶኒ የመጀመሪያውን ባትሪ ገጥሞ አበረረ። በመቆጣጠሪያው መስታወት ላይ ቡናማ ውሃ፣ የጣሪያ ጫፍ፣ የዛፍ አናት ብቻ ታየ። ድሮኑ ተመለሰ። በሁለተኛው ወደ ታች ሄደ፤ አሁንም ውሃ። ፋሌሲ ሦስተኛውን አቀበለችው።

"በኩይሳዎቹ በኩል" አለችው። "ከፍ ያለው መሬት እሱ ነው።"

ሁሉም በዋይሶኒ ትከሻ ላይ አንገቱን አሰገገ። ውሃ። ውሃ። ከዚያ አንድ ትልቅ ኩይሳ፤ አናቱ ላይ ፍየሎች፣ በፍየሎቹ መሃል የተቀመጡ ሽማግሌ፣ ከጎናቸው ባርኔጣ የሚያውለበልብ ረጅም ሰው!

ፋሌሲ የለቀቀችው ጩኸት ከኮረብታው ወፎቹን አስነሳ። ዘሊፋ እልል አለች፣ ሹሙ ከዘራቸውን ጥለው ዘለሉ። የእርዳታው ጀልባ ቦታው ተነግሮት ወዲያው ተነሳ። ዋይሶኒ ድሮኑን ዝቅ አድርጎ አጠገባቸው አየር ላይ አቆመው፤ እንደታዩ ይወቁ ብሎ።

ላሜኪ ባርኔጣውን አስቀመጠና በእጁ ምልክት ጀመረ። ደረቱን ነካ። ወደ ድሮኑ ጠቆመ። ከዚያ በሁለት እጁ ጣቶች ክብ ሠራ።

"አሞኛል ነው የሚለው" አሉ ሹሙ።

"ልቡን ነው እኮ የነካው!" አለች ዘሊፋ። "እዩት! እኔ... ለአንቺ... ቀለበት! ፋሌሲ፣ ሰውየው ኩይሳ ላይ ሆኖ ሽማግሌ እየላከ ነው!"

ሕዝቡ አወካ። ፋሌሲ ጭንቅላቷ ዞረ። ኮረብታው ከሥሯ ተነስቶ የሚበር መሰላት።

"ዋይሶኒ፣ እሺ በልልኝ!"

"ድሮን በምን አፉ እሺ ይላል?"

"እንደ ራስ አስነቅንቀዋ! ከፍ ዝቅ!"

ዋይሶኒ ድሮኑን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አደረገው። ላሜኪ የሚወድቅበት መሰለውና አንዱን ፍየል አቅፎ በግንባሩ ተደፋ። ኮረብታው በሳቅ ተናጋ። መቆጣጠሪያው ባትሪ አለቀ እያለ መጮህ ሲጀምር፣ ድሮኑ ያቺን የቀረችውን ትንፋሽ ይዞ ተመልሶ ሣሩ ላይ አረፈ።

ጀልባው ቀትር ላይ ደረሰ። መጀመሪያ ፍየሎቹ ወረዱ፣ ቀጥሎ ሽማግሌው ፊሪ ፍየሎቹን እየተቆጡ፣ በመጨረሻ ላሜኪ፣ እስከ ቅንድቡ ጭቃ ለብሶ። መንደሩ ሁሉ ከቦት እልልታውን አቀለጠው።

"ምንድነው ነገሩ? ያ ማሽን ለምን ሊፈጠፈጥብኝ መጣ?"

"እሺ ብላሃለች እኮ!" አለች ዘሊፋ።

"ለምኑ?"

"ለቀለበቱ ነዋ! በእጅህ ክብ ሠርተህ አልጠየቅካትም?"

ላሜኪ ሁሉንም ተራ በተራ አያቸው። "እኔ? እኔ እኮ ርቦኛል፣ ማንዳዚ ላኩልኝ ነው ያልኩት።"

ፋሌሲ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ጉንጯ እንደ ድስቷ ጋለ። ከዚያ፣ ማፈን ባልቻለችው አመሏ፣ ሳቋ በአፍንጫዋ ወጣ። አንዴ ከወጣ ማን ይመልሰዋል! ሆዷን ይዛ ጎበጠች።

ላሜኪ ጭቃውን ከፊቱ ጠረገ።

"አንቺ ግን እሺ ብለሻል?"

"ሳቅ ላይ ነኝ፣ ተወኝ!"

"እሺ ካልሽ እኮ እኔ አልመልሰውም። ማንዳዚውም ይቅርብኝ።"

ማንዳዚውም አልቀረበትም። ፋሌሲ የዚያኑ ቀን ጠብሳ አበላችው፤ ባትሪዎቹ እስኪቀዘቅዙ ጠብቃ ወደ ጋኑ መለሰቻቸው፤ ውሃው እንደጎደለም በጀልባ አሻግራ እስከ ግማሽ መገበቻቸው። የመንደሩ ሰዎች ለላሜኪ አዲስ ታንኳ ከአንድ ትልቅ ግንድ ጠርበው ሰጡት።

ሰርጉ በበጋው መጀመሪያ ሆነ። ሹም ቺፑንዱ ድሮኑ ከላይ ሆኖ ሙሽሮቹን ፎቶ እንዲያነሳ ፈልገው ነበር፤ የጥልፍ ጨርቁን ራሳቸው ገፈው፣ አቧራውን አራግፈው ይዘውት መጡ። ሙሽራዋ ግን ባትሪ አልሰጥም አለች። ለጎርፍ ነው የተቀመጠው፣ ለዘፈን አይደለም ብላ ድርቅ አለች። ሹሙ አኮረፉ። ጥግ ይዘው ተቀምጠው፣ የአምባዛው ወጥና ንሲማ የሚባለው የበቆሎ ገንፎ በሁለተኛ ሳህን እስኪቀርብላቸው ድረስ ማንንም አላናገሩም።