ሐናንያን የዘለልኩበት ወረቀት

ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጌታ ይባረክ! ልመሰክር ብዬ ሽማግሌዎቹን አሥር ደቂቃ ለምኜ ነው የቆምኩት። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልለምን። ኪቦርድ የምትመታው ወንድሜ፣ እባክህ ከኋላዬ ለስለስ አድርገህ አትምታልኝ። ስትመታልኝ ሆዴ ይባባል፣ ሆዴ ከባባ ደግሞ አሳምሬ አወራለሁ። ባለፈው አሳምሬ አውርቼ ነው እዚህ የደረስኩት። እናንተም ለእልልታ አትቸኩሉብኝ። ደክሞኛል።

ታውቁኛላችሁ። ትዕግሥት ነኝ፣ መነኸሪያው አጠገብ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት የምሠራው። የብዙዎቻችሁን ልጆች የመመረቂያ ጽሑፍ የተየብኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ይበልጥ ግን የምታውቁኝ በምስክርነቴ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በክረምቱ ጉባኤ፣ እዚሁ ቦታ ቆሜ «ከልጅነቴ ጀምሮ ይጥለኝ ከነበረው በሽታ ጌታ ፈውሶኛል፤ ክኒኔንም ጥያለሁ» አልኩ። እውነትም ስምንት ወር ሙሉ አልወደቅሁም ነበር። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። እናንተ ስታመሰግኑ ስሰማ እኔም ይበልጥ አመንኩት። ያን ቀን ልዋሽ ብዬ አልቆምኩም፣ ጌታ ያውቃል።

በመሰከርኩ በሃያኛው ቀን ወደቅሁ። ልብስ እያጠብኩ ነበር፣ ስነቃ እህቴ ራሴን ታቅፋ እያለቀሰች አገኘኋት። «ለማንም እንዳትነግሪ» አልኳት፣ ገና ምላሴ ሳይፈታ። እንጅባራ ሐኪም ቤት ብሄድ ከእናንተ አንዱ ያየኛል ብዬ ዳንግላ ድረስ ሄድኩ። ዶክተሩ የድሮ ካርዴን አየና፣ ክኒኑን መጣሌን ስነግረው «ሳትወድቂ የከረምሽው ክኒኑ ይዞሽ እንጂ በሽታው ለቆሽ አይደለም። ማነው ጣይው ያለሽ?» አለኝ። «ማንም» አልኩት። እውነቴን ነው፣ ማንም አላለኝም።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ዳንግላ እመላለሳለሁ። መንገድ ላይ አዲስ ቅዳም ከተማ ስንደርስ ተሳፋሪ ሲገባ የማውቀው ሰው እንዳይሆን ስልኬ ላይ እደፋለሁ። እሑድ እሑድ ደግሞ እናንተ የታመመ ሰው ሲመጣ «ትዕግሥት ጋ ሂዱ፣ ትጸልይላችሁ» ትላላችሁ። እጸልያለሁ። ክኒኑ ቦርሳዬ ውስጥ፣ እጄ ሰው ራስ ላይ። ወገኖቼ፣ የተፈወሰ ሰው መስሎ መኖር ከበሽታው ይብሳል። በሽታው እንኳ ሲጥለኝ ያሳርፈኝ ነበር።

እንግዲህ ዘንድሮ የቅዳሜውን የመጽሐፍ ቅዱስ ኮርስ ጀመርኩ። መምህራችን ለእያንዳንዳችን አንድ ነቢይ አከፋፈሉን፣ ለእኔ ኤርምያስ ደረሰኝ። አሥራ አምስት ገጽ ጻፉ ተባልን። በዚያ ላይ ከየጉባኤያችን ሦስት ሰው ጠይቀን «በዚህ ቤት ምን የተስፋ ቃል ሰማችሁ? ከዚያስ ምን ሆነ?» የሚለውን እንድንጨምር ታዘዝን። ወሩ ኔትወርክ ጠፍቶ የከረመበት ነበርና ከየትም መገልበጥ አልቻልኩም። የሰው ልጅ ሁሉ ሲገለብጥ እያየሁ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ብችል ኖሮ እገለብጥ ነበር። ጌታ ይባረክ፣ ሳልወድ በግዴ ራሱን መጽሐፉን ገልጬ ተቀመጥኩ።

ኤርምያስ የእንጨት ቀንበር አንገቱ ላይ አድርጎ ይዞራል። ለባቢሎን ንጉሥ ተገዙ፣ መከራው ገና ነው ይላል። ከዚያ ሐናንያ የሚባል ሌላ ነቢይ ይመጣል። በቤተ መቅደስ፣ በሕዝቡ ሁሉ ፊት ይቆምና «እግዚአብሔር እንዲህ ይላል፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ነገር ይመለሳል» ብሎ ቀንበሩን ከኤርምያስ አንገት ላይ ወስዶ ይሰብረዋል። እግዚአብሔር ግን አላለውም ነበር። ያን ምዕራፍ አንድ ጊዜ አነበብኩትና ዘለልኩት።

ከሦስቱ ተጠያቂዎች ሁለቱን ቶሎ ጨረስኩ። ሦስተኛዋ እትዬ ዘርፌ ናቸው። ገበያው ጥግ ከሰል የሚሸጡት፣ ታውቋቸዋላችሁ። ይህን እንድናገር ራሳቸው ናቸው የፈቀዱልኝ። ቤታቸው ሄጄ ደብተሬን ዘረጋሁና «እትዬ፣ በዚህ ቤት ምን የተስፋ ቃል ሰሙ?» አልኳቸው።

«ያንቺን ነዋ!» አሉኝ።

«የኔን?»

«እኔንም እኮ እንዳንቺው ይጥለኛል። ለሰው አላወራም እንጂ። ያን ቀን አንቺ ስትናገሪ ሰማሁና ቤቴ ገብቼ ክኒኔን ሽንት ቤት ጣልኩት።»

«ከዚያስ?» አልኩ። ጥያቄው እንደዚያ ነው የሚለው።

ቀኝ እጃቸውን አወጡ። እስከ ክርናቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። ከሰል ምድጃው ላይ ወድቀው ነው። «ጥፋቱ የኔው ነው፣ እምነት የለኝማ» አሉ። «ያንቺን ዓይነት እምነት ስጠኝ ብዬ ሌት ተቀን እለምነዋለሁ። በይ እስቲ ልጄ፣ ጸልዪልኝ።»

ምን አደረግሁ ትላላችሁ? ጸለይኩላቸዋ! ከዚያ ደብተሬ ላይ «ሦስተኛዋ ተጠያቂ የፈውስ ቃል ሰምተዋል፤ ፍጻሜውን እየተጠባበቁ ነው» ብዬ ጽፌ ወጣሁ። አፍራለሁ።

ወረቀቱ አሥራ አምስት ገጽ አልሞላ ሲለኝ ከሥራዬ የተማርኩትን ተንኮል ሠራሁ። ፊደሉን አተለቅሁ፣ መስመሩን አራራቅሁ፣ ሽፋኑን በቀለም አሳመርኩ። መምህሬ በሳምንቱ መለሱልኝ። «ሽፋኑ ያምራል» አሉ። «ግን ከምዕራፍ ሃያ ሰባት ወደ ሃያ ዘጠኝ በምን ተሻገርሽ? ሃያ ስምንት የት ገባ?»

«ረስቼው ነው፣ መምህር።»

«ሰው የሚረሳው የሚጎረብጠውን ነው። ሂጂና ጨምሪው።»

በነጋታው ሥራ ቦታ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብዬ ሃያ ስምንትን እንደገና አነበብኩ። እኔ ሐናንያ ክፉ ሰው አይመስለኝም። ደስ የሚል ነገር የተናገረ ሰው ነው። ኤርምያስ እንኳ ሲሰማው መጀመሪያ «አሜን፣ እንዳልከው ያድርገው» ነው ያለው። እሱም በሆነ እያለ ይመኝ ነበር። በኋላ ግን ቃል መጣ፤ የእንጨቱን ቀንበር ሰበርክ፣ በምትኩ የብረት ቀንበር ሠራህ፣ ይህንን ሕዝብ በሐሰት እንዲታመን አደረግኸው ተባለ። የእትዬ ዘርፌ እጅ ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። እሳቸው አንገት ላይ ብረቱን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ማልቀስ ጀመርኩ። በዚያ መሐል አንድ ደንበኛ ገብቶ «እህት፣ መታወቂያ ኮፒ» አለኝ። እያለቀስኩ ኮፒ አደረግሁለት፣ ፊትና ጀርባውን። ሰውየው ደንግጦ መልሱን ሳይቀበል ወጣ።

ከዚያ ሃያ ዘጠኝን ቀጠልኩ። ጌታ ይባረክ! እሱን ከዚህ በፊት ጽፌበት ነበር፣ ግን አሁን ገና ሰማሁት። ኤርምያስ ባቢሎን ለተማረኩት ደብዳቤ ይጽፍላቸዋል። ነገ ትመለሳላችሁ አይላቸውም። ቤት ሥሩ፣ አትክልት ተክላችሁ ብሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለምትኖሩበት ከተማ ጸልዩ ይላቸዋል። ሰባ ዓመት! ብዙዎቹ እዚያው የሚያረጁ፣ እዚያው የሚቀበሩ ናቸው። እግዚአብሔር ግን እዚያው ምርኮ ውስጥ ስትጸልዩ እሰማችኋለሁ ይላቸዋል። ወገኖቼ፣ እኔ እኮ ጌታ ከኔ ጋር የሚሆነው ክኒኑን በጣልኩ ቀን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ክኒኑን ስውጥም ከኔ ጋር ነው። ዳንግላ ሚኒባስ ውስጥ ተከናንቤ ስደበቅም አብሮኝ ነበር። ክብር ለስሙ ይሁን! ያን ቀን ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልፈራው ጸለይኩ። ምንም አልተሰማኝም፣ አልተንቀጠቀጥኩም። ብቻ አልፈራሁትም።

ረቡዕ ዕለት እትዬ ዘርፌ ጋ ተመልሼ ሄድኩ። ክኒኔን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የኔ ነው፣ እትዬ። ማታ ማታ እውጠዋለሁ። አልተፈወስኩም።»

ክኒኑን ገልበጥ አድርገው አዩት። ከዚያ በአገውኛ አንድ ነገር አሉ። ምን እንዳሉ ገብቶኛል፣ እዚህ ግን አልደግመውም፣ የሚገባኝን ነው የሰደቡኝ። «እጄን አይተሽው ነበር» አሉ ወደ አማርኛ ተመልሰው። «አይተሽው፣ ጸልየሽልኝ ሄድሽ።»

«አዎ። ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ። ነገ ሐኪም ቤት ልውሰድዎት።»

«አልሄድም! ጌታ አደረገልኝ ያልሽው ጉባኤ ፊት ቆመሽ ነው። ዛሬ ጓዳዬ ገብተሽ በሹክሹክታ አላደረገም ትይኛለሽ። የትኛውን ልመን? እዚያው ቆመሽ ተናገሪ፣ ያኔ እሄዳለሁ። እስከዚያ ግን አንድም ክኒን አልውጥም።»

ከረቡዕ እስከ ዛሬ አንድ ጊዜ ወድቀዋል፣ ልጃቸው ነግራኛለች። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ «ይህ ነገር የጌታን ስም አያሰድብም? በቤት ብትጨርሱት አይሻልም?» ብለውኝ ነበር። ስለ ስሙ ብለው ነው፣ አልፈርድባቸውም። ግን እትዬ ዘርፌ ዳግመኛ ምድጃው ላይ እስኪወድቁ መጠበቅ አልችልም።

ስለዚህ በእናንተ ፊት ያልኩትን በእናንተ ፊት እመልሰዋለሁ። ትዕግሥት ከሚጥል በሽታ አልተፈወሰችም። ጌታ ይፈውሳል? ይፈውሳል፣ አምናለሁ! እኔን ግን እስካሁን በክኒን ነው ያቆመኝ፣ ስለ ክኒኑም አመሰግነዋለሁ። በስሙ ያላለውን ስናገር አልጣለኝም፣ አመሰግነዋለሁ። ያጠፋሁትን እትዬ ዘርፌ በሕይወት እያሉ ስላሳየኝ አመሰግነዋለሁ። ወረቀቱን ጨርሼ ሰጥቻለሁ፣ ውጤቱን ገና አላየሁም። ምንም ይሁን።

ከመካከላችሁ በኔ ቃል መድኃኒቱን የጣለ፣ ወይም እንደኔ ደብቆ የሚውጥ ካለ፣ ስኳርም ይሁን ደም ግፊት፣ ጌታን ታመኑት። ክኒን ስለዋጣችሁ አይቀየማችሁም። ብቻችሁን መሄድ ከፈራችሁ ንገሩኝ፣ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።

እትዬ ዘርፌ፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ እንዳሉ አያለሁ። ቀና ብለው አያዩኝም፣ አይፈረድብዎትም። ያሉኝን አድርጌያለሁ። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደጅዎ እመጣለሁ። ቁርስዎን በልተው ይጠብቁኝ።