እኩል መደዳ ያልገባው ቆዳ

ደሊልን የማያውቅ የአዳማ ሰው አልነበረም፤ ደሊል ግን ማንንም አያምንም። ወሎዬ ነው፤ ባቡር ጣቢያው አጠገብ የአንድ ነጋዴ የቆዳ መጋዘን ይጠብቃል። ሰላም ስትሉት እንኳ «ይሄ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» በሚል ዓይን ነበር የሚያያችሁ። ሚስቱ ሰሊማ ወጥ ስትጨልፍለት ድስቱን ይቃኛል። የገዛ ሚስቱን እኮ ነው!

ሌባ የሚይዝበት ዘዴ ነበረው። በቅሎ ነጂዎች ጭነቱን ለበቅሎዎቻቸው እኩል ያካፍላሉ። ስለዚህ ያልተነካ ጭነት መሬት ላይ ሲደረደር በሆነ መደዳ እኩል መምጣት አለበት። ትራፊ ካለው መንገድ ላይ ተሰርቋል ማለት ነው።

አንድ በጋ መርዳሳ የሚባል የአቦምሳ ጎረምሳ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት ቆዳ ጭኖ መጣ። ደሊል በአምስት ደረደረው፤ ሁለት ተረፈ። በሰባት ሦስት ተረፈ፣ በአሥር ሰባት። ወዲያው የመርዳሳን ጋቢ ጫፍ ከራሱ ጋቢ ጋር ቋጠረና ቁራኛ ያዘው። ያኔ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቆሙ እንደዚያ ተቋጥረው ነበር የሚውሉት። መርዳሳ ደራርቱ ለምትባል ልጅ ሽማግሌ ልኳል፤ አባቷ «ሌባ ነው» ሲባል ከሰሙ ነገሩ አበቃ። ልጁ አመድ መሰለ። አንዷ በቅሎ አርጅታ ጭነት እንደቀነሰላት ቢምል ቢገዘት ማን ይስማው።

ደሊል ግን ዳኛው ፊት አፉን ሞልቶ ለመናገር ሁሉንም መደዳ መሞከር ፈለገ። እንደተቋጠሩ ደረደሩ፤ አንዱ ሲያጎነብስ ሌላውም ያጎነብሳል፣ የጣቢያው ሰው ይስቃል። በአሥራ ሁለት አንድ ተረፈ። በአሥራ ሦስት ዘጠኝ። በሠላሳ አንድ አምስት። ሠላሳ ሁለት ላይ ደሊል ቆመ። ሠላሳ ሁለት መደዳ በሠላሳ ሁለት ከሺህ ያልፋል። መደዳው ከዚህ ከረዘመ የመደዳዎቹ ብዛት ከሠላሳ ሁለት ያንሳል፤ ያ ደግሞ ዞሮ ከጎን ለሚያየው ቅድም የደረደሩት ነው። ስለዚህ የቀረ ሙከራ የለም። ቆዳው አንድ በአንድ ካልሆነ በምንም እኩል አይገባም።

ደሊል ደስ አለው። «በል ተነስ፣ ወደ ዳኛ» አለ።

መርዳሳ አንድ ቆዳ አንስቶ ትከሻው ላይ ጣለና የቀረውን በአሥራ ሁለት እንዲደረድሩት ለመነ። ደረደሩት፤ ምንም ትራፊ የለም።

«ኦቦ ደሊል፣ አሁን ሰረቅሁዎት፤ ይኸው እኩል መጣ። ያሰሩኝ ሳልሰርቅ ነው» አለ።

ደሊል አንዴ መደዳውን፣ አንዴ ትከሻው ላይ ያለውን ቆዳ አየ። ከዚያ ቋጠሮውን ፈታ። እኔማ አሁንስ ተማረ ብዬ ነበር፤ ሞኝ ነኝ።

በዓመቱ መርዳሳ ደራርቱን አግብቶ ተመለሰ። ዳግመኛ ንትርክ እንዳይነሳ ብሎ ጭነቱ ላይ የሠርጉን ሰንጋ ቆዳ ከራሱ ጨምሮ ድፍን ሺህ አድርጎታል። ደሊል በአምስት ደረደረ፣ በአሥር ደረደረ፣ በሃያ ደረደረ። ሁሉም እኩል መጣ። መርዳሳ ፈገግ ብሎ ምርቃት ይጠብቃል።

«ማን አስተካከለው?» አለ ደሊልና የመርዳሳን ጋቢ ጫፍ ያዘ።