የቫልቴሊና ወይን ከቋንጣ ፍርፍር ጋር

ከቫልቴሊና የሚመጣውን ቀይ ወይን እርም ያልኩት ለእህቴ ስል ነው። ቫልቴሊና ከስዊዝ ድንበር ማዶ፣ ተራራ ለተራራ የተዘረጋ የጣሊያን ሸለቆ ነው። እኔ ደግሞ ዙሪክ፣ ኦርሊኮን ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ አንዲት የዚያ ሸለቆ ተወላጅ በከፈተችው ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነኝ። ሥራዬ ወይን መቅዳት ብቻ አይደለም፤ የትኛው ከየትኛው ምግብ ጋር እንደሚሄድ ለእንግዳው መንገርም ነው። ጉራ አይሁንብኝና፣ በዚህ ማንም አይደርስብኝም ነበር።

ታናሽ እህቴ ጄኔቫ አንድ ዲፕሎማት ቤት አሥራ ሦስት ዓመት ሠርታለች። ልጆቻቸውን አሳደገች፣ እንግዶቻቸውን አበላች። ሰውየው ወደ ሌላ አገር ሲዛወር የእሷም የመኖሪያ ካርድ አብሮ አበቃ። ፓኪ ሰፈር ከጓደኛዋ ጋር ተዳብላ፣ እዚሁ ለመቅረት ፔርሚ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሰጧት አመለከተች። ለገብርኤል የተሳልኩት ያን ቀን ነው፤ መልሷ እስኪመጣ ወይን የሚባል ነገር በአፌ አይዞርም። ስለት በሆድ ይያዛል እንጂ አይወራም፤ እኔ ወሬኛው ግን ደውዬ ነገርኳት። አለቀሰች።

«ወንድም ጋሼ፣ እንጀራህ እኮ ነው!»

«አይዞሽ፣ አፍንጫ አለኝ» አልኳት።

እውነትም አሥር ወር በአፍንጫዬና በትዝታ ገፋሁ። ይህ ወይን ሲያዩት ውሃ የበዛበት ይመስላል፤ ሲቀምሱት ግን ምላስን ጭብጥ አድርጎ ይይዛል። ስለዚህ ቅባትና ጨው ይወዳል። ከጎመን፣ ከድንችና ከቀለጠ አይብ ጋር የሚቀርበው ጠቆር ያለ ፓስታቸው ይስማማዋል፤ በመስከረምና በጥቅምት የአጋዘን ሥጋ፤ ከሁሉ በላይ ግን በስሱ የተቆረጠ የደረቀ የበሬ ሥጋ። «የቋንጣችን ዘመድ ነው» እያልኩ ለእህቴ በስልክ አወራላት ነበር። በርበሬ የዚህ ወይን ጠላት መሆኑን አልነገርኳትም። ምን ያደርግላታል ብዬ።

የምግብ ቤቱ ባለቤት መቼም ሞኝ አይደለችም። አዲስ ወይን ሲመጣ ሁላችንም ቀምሰን ነው ምግቡን የምንመርጥለት፤ እኔ አሽትቼ አስቀምጣለሁ። አንዴ ሆዴን፣ አንዴ ጥርሴን፣ አንዴ መድኃኒት ላይ ነኝ እላለሁ። በመጨረሻ የሚያመኝ ቦታ አለቀብኝ።

አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ አንድ እንግዳ «ይህ ወይን ተበላሽቷል» ብሎ ብርጭቆውን ገፋው። አሽትቼ ደህና ነው አልኩት። «ሳትቀምስ እንዴት አወቅህ?» አለኝ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። «ቅመሰው» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ዛሬ ካልቀመስክ ሰኞ አትምጣ።»

ሌላ ብርጭቆ ቀዳሁና ቀመስኩ። ወይኑ ምንም አልሆነም! ሰውየው ከአጋዘኑ ሥጋ ጎን የሚቀመጠውን ማርማላት እየላሰ ነው የጠጣው፤ ጣፋጩ ነው ያጎመዘዘበት። የደረቀውን ሥጋ አምጥቼ በዚያ እንዲሞክረው አደረግሁ፤ ሳቀ፣ ይቅርታም ጠየቀኝ። እስከዚህ ድረስ ገብርኤልም ይረዳኛል፤ እንጀራ ነው። እኔ ግን ብርጭቆዬን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁና ግጥም አድርጌ ጨረስኩት። ማንም አላስገደደኝም። አቤት ሲጥም! ደግሜም ቀዳሁ፤ ሆዳም!

በቀጣዩ ሳምንት ሐሙስ እህቴ ደወለች። አልተፈቀደላትም፤ አገሩን ለቃ የምትወጣበት ቀን ተቆርጧል። ፋይሏን የያዘው ሰው የእኔን ጉሮሮ አይቶ እንዳልወሰነ አውቃለሁ፤ ሕፃን አይደለሁም። ደብዳቤው ግን የተጻፈው ሰኞ ነው። እኔ የጠጣሁት ቅዳሜ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ልነግራት ቆርጬ ጄኔቫ ወረድኩ። ባቡሩ ውስጥ ቃላቱን ስደረድርና ሳፈርስ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ስደርስ ሻንጣዋ ተዘግቶ በር ሥር ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ የቫልቴሊና ወይን! ፓኪ ያለ ሱቅ ሁሉ ጠይቃ ስታጣ ከተማውን አስሳ ነው ያገኘችው። አጠገቡ በበርበሬ የቀላ ቋንጣ ፍርፍር።

«ደረቅ ሥጋ ነው የሚስማማው ብለኸኝ የለ?» አለችና ብርጭቆዬን እስከ አፉ ሞላችው። «ስለትህ እኮ አበቃ። ክፉም ቢሆን መልስ መልስ ነው። በል ጠጣ።»

ከፍርፍሩ ጎረስኩና ጠጣሁበት። ወይኑ መረረ፣ በርበሬው እስከ ጆሮዬ ነደደ፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

«አይ ወንድሜን! ይሄን ያህል ናፍቆህ ነበር?» ብላ ጉንጬን በመዳፏ ጠረገችው። ከዚያ፣ «ከዚህ አገር ይዤው የምሄደው አንድ ነገር ነው። አንድ ሰው ለእኔ ብሎ የሚወደውን ነገር ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀር አልቀመሰም። ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ» አለችኝ።

አሁን ካልነገርኳት መቼም አልነግራት። «እህትዬ፣ ስሚኝማ…» ብዬ አፌን ስከፍት፣ ለካ ጠቅልላ ጨርሳ ኖሯል፤ ትልቅ ጉርሻ አጎረሰችኝ። እያላመጥኩ በእጄ ቆይ አልኳት።

«አንድማ ያጣላል» ብላ ሁለተኛውን መጠቅለል ጀመረች።