ከደንገሉ ውስጥ የመለሰልኝ ቤዝ

ከገዛ ቤቴ አስወጥተውኝ ነበር። ያስወጡኝ ሚስቴና ጎረቤታችን መሪጌታ ናቸው። ጥፋቴ ቤዝ ጊታር መማሬ ነው።

የምማረው ያለ አስተማሪ ነው። ማሽን መፍታትና መግጠምንም ማንም አላስተማረኝም፤ አይቼ ነው የያዝሁት። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ሆቴል የድሮ ባንዱን ዕቃ ሲያወጣ ይህን ጊታር ገዛሁት። ለምን ቤዝ? ዕድሜዬን ማሽን ሥር ስጨርስ ጆሮዬም አብሮ አልቋል። የወፍ ድምፅ፣ የስልክ ጥሪ፣ የሴት ሳቅ ከተለዩኝ ቆይቷል። ወፍራም ድምፅ ግን ይመጣልኛል... በደረቴ ይገባል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ሚስቴ «ጆሮህን ለሐኪም አሳየው» ባለች ቁጥር «ጆሮዬ ደህና ነው» እላታለሁ።

ሁዳዴ እንደገባ መሪጌታ መጡ። የእሳቸው ወፍራም ድምፅ ይደርሰኛል።

«በጾም ዘፈን ይዘው ተቀመጡ?»

«ዘፈን አይደለም፤ ልምምድ ነው።»

«በገና ቢሆን ማን ይከለክልዎታል? በበገና ይጸለያል። በዚህ ምን ይሉበታል?»

«እስካሁን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ነው የምልበት።»

ሚስቴ ሳቋን የደበቀች መሰለኝ። ወዲያው ግን ከእሳቸው ወገነች። ጆሮዬ ሥር መጥታ «ብርጭቆው ሁሉ ሲንቀጠቀጥ ነው የሚውለው! እስከ ፋሲካ በዚህ ቤት አይሰማ!» አለች።

«እንግዲያውስ ሐይቁ ይስማው» ብዬ ወጣሁ።

ትናንት ጠዋት፣ ፀሐይ ገና ብቅ ስትል፣ ከሰፈሬ ከዘንዘልማ ባጃጅ ይዤ ወደ ጣና ዳር ሄድሁ። ጊታሬን በጀርባዬ፣ በባትሪ የምትሠራውን ስፒከሬን በእጄ ይዣለሁ። አባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት ትንሽ ራቅ ብሎ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል። በመሀሉ አንድ መንገድ አገኘሁ። ደንገሉ ወዲያና ወዲህ ተኝቷል፤ መሬቱ ተደልድሎ እስከ ውኃው ይወርዳል። ዓሣ አስጋሪዎች የሠሩት መሰለኝ። ስፒከሬን መንገዱ ላይ አስቀመጥሁና ፊቴን ወደ ሐይቁ አድርጌ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

ቤዝ ለጀማሪ ጨካኝ ነው። ክሩን በደንብ ካልተጫኑት ድምፁ ይበላሻል፤ ከተጫኑት ደግሞ ጣት ይበላል። የጣቶቼ ጫፍ ውኃ ቋጥሯል። እኔ ግን አንዱን ወፍራም ክር ብቻ ይዤ ደጋግሜ መታሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

መለሰልኝ።

ወፍራም፣ ሻካራ ድምፅ... ልክ ደረቴ ላይ። የገደል ማሚቶ እንዳልለው እዚያ ገደል የለም። እንደገና መታሁ፤ እንደገና መለሰ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ቤቴ ያልወደደውን የሚቀበል ተገኘ አልሁ።

በዚህ መሀል አንድ ዓሣ አስጋሪ በታንኳ ብቅ አለ። መቅዘፊያውን ያወናጭፋል፤ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። አንዲት ቃል አልደረሰችኝም። የሚለው ግን የገባኝ መሰለኝ... እሱም ሊከለክለኝ ነው! ስፒከሬን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ ጠንክሬ መታሁ።

ሰውየው መቅዘፊያውን ጥሎ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

ያኔ ነው የፈራሁት። ሰው ጊታር ስለጠላ ራሱን አይዝም። እጄን ከክሩ ላይ አነሣሁ። ስፒከሬ ዝም አለች... ያ ድምፅ ግን ቀጠለ። ከኋላዬ ነው። አሁን የሚንቀጠቀጠው ደረቴ ብቻ አይደለም፤ የተቀመጥሁበት ድንጋይም ነው።

ዞርሁ።

ጉማሬ።

ሣር ሲግጥ አድሮ ወደ ውኃው እየተመለሰ ነው። መንገዱን የሠራው እሱ ነበር። እኔ በእሱና በሐይቁ መካከል ተቀምጬ ቤዝ እመታለሁ። አፉን ከፈተ... ውስጡን ያየሁትን አልጽፈውም። ልጮኽ ሞከርሁ፤ ጮኼ እንደሆነም አላውቅም፤ የራሴን ድምፅ አልሰማሁትም።

ዓሣ አስጋሪው በእጁ ወደ ጎን፣ ወደ ጎን ይለኛል። በሕይወቴ ሰው ያዘዘኝን ወዲያው ስፈጽም የመጀመሪያዬ ይመስለኛል። ጊታሬን አቅፌ ደንገሉ ውስጥ ወደቅሁ።

በአጠገቤ አለፈ። ትንፋሹ አንገቴ ላይ ሞቀኝ። ስፒከሬ በእግሩ ሥር ስትደቅቅ በሆዴ በኩል ተሰማኝ። ከዚያ ውኃው ቧ ብሎ ተከፈለ... ሁሉ ነገር ጸጥ አለ። ወፍራሙ ክር ግን ደረቴ ላይ እንደተጣበቀ ይርገበገባል። ማንም አልነካውም፤ ልቤ ነበር የሚመታው።

ዓሣ አስጋሪው ታንኳውን አስጠግቶ ወረደና አነሣኝ። አፉን ወደ ጆሮዬ አቀረበ።

«አባባ፣ ያን ያህል ስጮኽ አይሰሙም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተነሡም? እኔማ ባሕታዊ መስለውኝ ነበር... ጊታሩን እስካይ ድረስ!»

ደግፎ ባጃጅ ላይ አስቀመጠኝ፤ ለሾፌሩም ሁሉን ነገረው። ሾፌሩ ደግሞ እኔ ከባጃጁ ሳልወርድ ለሚስቴ ነገራት።

ጭቃዬን አየች። ጊታሩን ከእጄ ተቀብላ በነጠላዋ ጠረገችው። ከዚያ ፊቴ ቆማ ቀስ ብላ ተናገረች። ድምጿ አልደረሰኝም፤ ከከንፈሯ ግን አነበብሁት።

«እዚሁ ምታ። እኔ በምሰማህ ቦታ ምታ። መሪጌታን እኔ እመልሳቸዋለሁ።»

ቀጥላም ጆሮዋን በጣቷ ነካች። «አሁንስ ለሐኪም ታሳየዋለህ?»

«ጆሮዬ ደህና ነው» አልኋት። «ጉማሬውን ሰምቼዋለሁ።»

በቃ። ስለ ጆሮዬም ሆነ ስለ ጉማሬው ሁለተኛ አልናገርም። የሚጠይቀኝ ካለ... አልሰማሁም።