መዶሻው እና የጉጉቷ ጫጩቶች

ሰፈሩ «መዶሻው» ይለዋል። ጣሪያ ጠጋኝ ነው፤ የታወቀው ግን ጉጉት በማባረር ነው። ጉጉት የጮኸችበት ቤት ሰው ይሞትበታል ስለሚባል፣ በጮኸች ማግስት እሱ ይጠራል። ግቢው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ አመሻሽ ላይ ወፏ ለአደን ስትወጣ ቀዳዳውን በቆርቆሮ ይደፍነዋል። ከዚያ በኋላ ባለቤቶቹ እፎይ ይላሉ።

«አንተ ግን ታምንበታለህ?» ብዬው ነበር አንዴ።

«እኔ ቀዳዳ ነው የምደፍነው» አለኝ። እንዲህ ነው እሱ፣ ወሬ አያበዛም።

ኋላ ሚስቱ ሳንባዋን ታመመች። አልጋ ከያዘች በኋላ ደግሞ ጉጉት በራሱ ጣሪያ ላይ መጮኽ ጀመረች። የሚስቱ እህት ይህን እንደሰማች ሻንጣዋን ይዛ ከች አለች።

«የሰው ቤት ስትደፍን ኖረህ የራስህን ክፍት ትተዋለህ? እህቴን ልትገድላት ነው?» አለችው።

እሱም ፈርቷል፤ ሳይፈራ ቀርቶ አይደለም። አመሻሽ ላይ ቆርቆሮውን ይዞ ሲወጣ መሰላሉን የያዝኩለት እኔ ጎረቤቱ ነኝ። ላይ ደርሶ በቀዳዳው አጮለቀ። ጥጥ የመሰሉ ጫጩቶች ተደራርበው ተኝተዋል። ያን ሁሉ ቤት ሲደፍን አንድ ቀን ውስጡን አይቶ አያውቅም፤ ወፏ ከወጣች ሥራው አለቀ ማለት ነበር። ፊቱ ጥቁር አለ።

የሚስቱ ድምፅ በመኝታ ቤቱ መስኮት መጣ። «ልጆች አሏት አይደል? ሲንጫጩ እሰማቸዋለሁ።»

«ምንም የለም፣ ባዶ ነው» አላት።

«አንተ ደግሞ፣ ውሸት አያምርብህም። ተዋቸው በቃ። የእኔ ነገር እንደሆነ ጉጉቷ ኖረችም አልኖረችም...» ሳሏ አላስጨረሳትም።

ቆርቆሮውን እንደያዘ ወረደ። እህትየዋ ከዚያ ወዲያ አኮረፈችው።

ጫጩቶቹ በረው ሳይወጡ ሚስቱ አረፈች። ሰፈሩ ወሬ አገኘ፤ «ብለን ነበር» ያላለ የለም። የራሱን ቤት ያላዳነ ለእኛ ምን ይፈይዳል ብለው ለጉጉት የሚጠራው ጠፋ። ጉድ እኮ ነው! እነዚሁ ሰዎች ጣሪያቸው ሲያፈስ ግን ደጁን ሲጠኑ ይውላሉ።

በቀደም የእኔን ጣሪያ ሲጠግን፣ «አይቆጭህም ግን?» አልኩት። በከንፈሩ ይዞት የነበረውን ምስማር አወጣ።

«አንዳንዴ ይቆጨኛል» አለ። «ግን መጨረሻዋ ላይ፣ ሳሉ ሲነሳባት ትራሱን አፏ ላይ ትጫን ነበር። ምነው ብላት፣ ‹ጫጩቶቹ ይደነግጣሉ› አለችኝ።»