የጥላ ሰፊው ጥያቄ

ባለፈው እሑድ ልጄ ማኅሌት ከሰንበት ትምህርት ቤት ተመልሳ ነጠላዋን ሳታጣጥፍ ምሳ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠችና፣ «አባዬ፣ አንድ ሰው ከተጠመቀ በኋላ እምነቱን ቢክድ ድኅነቱን ያጣል ወይስ አያጣም?» አለችኝ። ከጓደኞቿ ጋር ተከራክረው ሳይስማሙ ተለያይተዋል። መልሱ ቤት ውስጥ እንዳለ እርግጠኛ ሆና ነው የመጣችው። እኔም ከሃያ ዓመት በላይ ያስተማረ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ወረቀት አወጣሁ፣ ማስመሪያ አነሣሁ፣ ገጹን ከላይ እስከ ታች በቀጭን መስመር ለሁለት ከፈልሁት። በግራ «ያጣል»፣ በቀኝ «አያጣም» ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶዬን ሳቀርብ እጄ ቆመ። ይህችን መስመር ከዚህ በፊት አስምሬያት ነበር።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ በመጀመሪያ የተመደብሁት አምበር ነው። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ከማርቆስ በአምበር በኩል የሚያልፈው መንገድ ያኔ ጠጠር ነበር፤ በበጋ መኪና ባለፈ ቁጥር ጠመኔ የተበተነብን ይመስል ሁላችንም እንነጣለን፣ በክረምት ደግሞ ጥቁሩ ጭቃ ጫማ ያስቀራል። ዕድሜዬ ሃያ አንድ ነበር። ሂሳብ አስተምራለሁ። ባለቀለም ጠመኔ ከደመወዜ እገዛለሁ። የማስረዳው ነገር ሁሉ በሠንጠረዥ ስለነበር ተማሪዎቹ «መምህር ሠንጠረዥ» ይሉኝ ነበር። እያሾፉብኝ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ እኔ እንደ ማዕረግ ይዤው ነበር።

የተከራየሁት ክፍል ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ጀርባ ነው። አያ የሺዋስ ይባላሉ። አርባ አምስት ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ ረጅም፣ ከስፌት መኪናቸው ላይ ከማጎንበስ ብዛት ትከሻቸው ጎበጥ ያለ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው። የእግር መኪናቸው በረንዳው ላይ ቀኑን ሙሉ ይንጫጫል። ሱሪ ያሳጥራሉ፣ የተማሪ ደብተር መያዣ ይሰፋሉ። ከሁሉ ይልቅ ግን የሚታወቁት በአንድ ሥራ ነበር፤ በአካባቢው ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ታቦት ሲወጣ የሚይዙት ባለ ዘርፉ ጥላ ሲቀደድ ለእሳቸው ይላካል። የከፋዩን ጨርቅ ይለብጣሉ፣ ዘርፉን ክር በክር ይመልሳሉ። ለዚህ ሥራ ከማንም ዋጋ አይቀበሉም።

ያስገረመኝ ሌላ ነው። ጥላው ሲያልቅ ራሳቸው ተሸክመውት እስከ ቅዱስ ሚካኤል አጥር በር ይሄዳሉ፤ እዚያ ላገኙት ሰው ይሰጡና ይመለሳሉ። አይገቡም። ከደጅ ሆነው እንኳ አይሳለሙም። አንገታቸው ላይ ማተብ የለም፤ የሸሚዛቸው የላይኛው ቁልፍ ሁልጊዜ ክፍት ስለሆነ ባዶው አንገታቸው ከሩቅ ይታያል።

ምክንያቱን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ የሐዋርያት ጾም ገብቶ በረንዳው ላይ ቅቅል ድንች በበርበሬ እያጠቀስን ስንበላ።

«እኔ ዲያቆን ነበርሁ፣ መምህር» አሉኝ። «በይጁቤ ደብር። ቀድሼበታለሁ።»

ደርግ በገባ ጊዜ ማንበብና መናገር የሚችል ሰው ሲፈለግ እሳቸውን አገኟቸው። የውይይት ክበብ መሪ ሆኑ። ትንሽ ቆይቶ በአንድ የገበያ ቀን ጠረጴዛ ላይ ቆመው እግዚአብሔር የለም ብለው ተናገሩ። ቃል ብቻ እንዳይሆን ከኪሳቸው መቀስ አውጥተው ሕዝብ እያየ ማተባቸውን ቆረጡ። ከሕዝቡ መካከል የቆሙትን ቄስ ሙሉቀንን፣ ያስተማሯቸውን ሰው፣ በስም ጠርተው ሰደቡ። ሚስታቸው በሳምንቱ ወደ አባቷ ቤት ሄደች፤ አልተመለሰችም።

«ያኔ የካደው ብዙ ሰው ነው» አሉ። «ግን ሁሉም በለሆሳስ ካደ፣ ደርግ ሲወድቅ በለሆሳስ ተመለሰ። እኔ ጮኼ ነው የካድሁት።» ከዚያ ጭናቸው ላይ የነበረውን መቀስ አነሡና አዩት። «በዚሁ ነው።» በዚያው መቀስ የሚካኤልን ጥላ ዘርፍ ያስተካክሉ ነበር።

ቄስ ሙሉቀን በእርጅናቸው አምበር ሚካኤል መጥተው ያገለግሉ ነበር። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም ላይ ለአያ የሺዋስ እንዲመለሱ መልእክት ላኩላቸው። ለማያውቅ አንባቢ ላብራራ፤ በእኛ ዘንድ የካደ ሰው ሲመለስ እንደገና አይጠመቅም። የንስሐ ቀኖናውን ከፈጸመ በኋላ መጽሐፈ ቄድር የሚባል ጸሎት በውሃ ላይ ይነበብለትና ውሃው ይፈስስበታል፤ ማተቡም ይታሰርለታል። አያ የሺዋስ ጾማቸውንና ስግደታቸውን ማንም ሳያውቅ ጨርሰው ነበር። ቄድሩ በሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ሊነበብላቸው ተቆርጧል። የቀረው ሁለት ሳምንት ነው።

«መምህር» አሉኝ በዚያ ምሽት ድንቹን አስቀምጠው፤ «አንተ መጽሐፍ ታገላብጣለህ። ቀጥ አድርገህ ንገረኝ። በአፉ የካደ ሰው የጣለውን ያገኘዋል?»

«ለምን ቄስ ሙሉቀንን አይጠይቋቸውም?»

«እሳቸው ያዝኑልኛል። የሚያዝንልህ ሰው እውነቱን ይነግርሃል?»

ልቤ በደስታ መታ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። «ሦስት ቀን ይስጡኝ» አልኋቸው።

«ፈተና ነው እንዴ? አታርመኝም አይደል?» ብለው ሳቁ።

ሦስቱን ቀን ከክፍል ስወጣ መጽሐፍ ቅዱሴን ይዤ እቀመጥ ነበር። የደብተሬን ገጽ ለሁለት ከፈልሁ። በአንድ በኩል የጠፋውን ልጅ፣ ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ መካዱንና መመለሱን፣ በጎቹን ከእጁ የሚነጥቃቸው እንደሌለ ጌታ የተናገረውን አሰፈርሁ። በሌላው በኩል ከወይኑ ግንድ ተቆርጦ የሚደርቀውን ቅርንጫፍ፣ በመጨረሻም ለዕብራውያን የተጻፈውን ያንን ከባድ ቃል፤ አንድ ጊዜ ብርሃን በርቶላቸው ሰማያዊውን ስጦታ የቀመሱ ሰዎች ቢክዱ እንደገና ለንስሐ ማደስ እንደማይቻል የሚናገረውን። ጥሩ መምህር ጠንካራውን ነጥብ ለመጨረሻ ያስቀምጣል ብለው አስተምረውናል። አስቀመጥሁት።

በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ጋብ ሲል በረንዳው ላይ ቆሜ አስረዳኋቸው። አዎ፣ ቆሜ። እሳቸው መኪናቸውን በእግራቸው በቀስታ እያዞሩ ያዳምጣሉ። የጠፋው ልጅ ላይ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዕብራውያን ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በጣቴ መስመሩን እየተከተልሁ አነበብሁ። እንዳልጨርስ የፈለገ መስሎ መኪናው ቀጥ አለ።

«እንግዲህ በሁለቱም በኩል ማስረጃ አለ፤ ይህኛው ግን በግልጽ ነው የተጻፈው» ብዬ ደመደምሁ።

«አመሰግናለሁ፣ መምህር» አሉኝ። «ጥሩ አድርገህ ነው ያነበብኸው።» መኪናው እንደገና መንጫጫት ጀመረ።

በሚካኤል ዋዜማ አያ የሺዋስ ወደ ቤተ ክርስቲያን አልሄዱም። እኔ ይህን ያወቅሁት ከሰዓት በኋላ ቄስ ሙሉቀን እሳቸውን አነጋግረው፣ በጭቃ የተለወሰ ዘንጋቸውን ይዘው ክፍሌ በር ላይ ሲቆሙ ነው። ውሃ ቀድተው ሲጠብቁ አርፍደዋል።

«ምን አነበብህለት?» አሉኝ፤ ሰላምታም የለ።

ደብተሬን አሳየኋቸው። ዓይናቸው ስለደከመ ወደ ብርሃን አዙረው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይቺ መስመር ምንድን ናት?»

«የምትለያቸው ናት፣ አባ። በዚህ ያጣል የሚሉት፣ በዚያ አያጣም የሚሉት።»

«መጽሐፉ ላይ አለች?»

«የለችም። እኔ ነኝ ያሰመርኋት።»

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ልጄ፣ ጥምቀት አይደገምም። ለምን ይመስልሃል?»

ትንሽ አሰብሁ። «የመጀመሪያው ስላልጠፋ ይሆን?»

«እንዲያ በል።»

«እንግዲያው ድኅነቱን አያጣም ማለት ነው!» እስክሪብቶዬን ፈለግሁ።

«ያጣል እንጂ!» ብለው በዘንጋቸው ወለሉን መቱ። «ከደጅ ቆሞ ቢሞት ምን ይጠቅመዋል? ሃያ ዓመት ስለ እሱ የማለቅሰው ለጨዋታ መሰለህ?»

ግራ ገባኝ። ከምሬ ነው የምለው፣ ዛሬም ግራ እንደገባኝ ነው። «አባ፣ ታዲያ የትኛው በኩል ላስገባው?»

«መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን አስገባው» አሉኝና ተነሥተው ወጡ።

ወደ በረንዳው ሄድሁ። አያ የሺዋስ ለነገው ንግሥ የሚደርሰውን ጥላ ዘርፍ እየጨረሱ ነበር፤ ቀይ ከፋይ ጭናቸውን ሸፍኖታል።

«ተሳስቼ ነው፣ አያ የሺዋስ» አልኋቸው። «ያነበብሁት በደንብ አልገባኝም ነበር።»

«አልተሳሳትህም። ቃሉ እንደዚያው ነው። እኔ በግዕዝ በቃሌ ነው የማውቀው፤ ስንት ዓመት በዚህ መኪና ድምፅ እየደገምሁት።»

«ታዲያ እያወቁት ለምን ጠየቁኝ?»

መርፌውን ከፋዩ ላይ ሰኩት። «ሌላ ሰው ሲያነበው ይቀልል እንደሆነ ብዬ።» ዘርፉን በጣታቸው አበጠሩ። «ማንበብህ አልከፋኝም። እያነበብህ ደስ ብሎህ ነበር፤ እሱ ነው የከፋኝ።»

ከዚያ ክሩን በመቀሳቸው ቆርጠው ሌላ አስገቡ።

በማግሥቱ ሰኔ ሚካኤል ነበር። ነጠላዬን ለብሼ፣ ደብተሬን በብብቴ ይዤ ወጣሁ፤ ለቄስ ሙሉቀን የምጠይቀው ሰባት ጥያቄ ተራ ቁጥር ሰጥቼ ጽፌ ነበር። የተቆላ ባቄላ ሽታ፣ የረጠበ የበግ ለምድ ሽታ፣ የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ ተቀላቅሎ መንገዱን ሞልቶታል። ደመናው ከጮቄ ተራራ በኩል እየወረደ ነው። አጥሩ በር ላይ ስደርስ አያ የሺዋስ ጥላውን ተሸክመው እንደ ልማዳቸው ከውጭ ቆመዋል፤ ከውስጥ በኩል፣ በሩ ላይ፣ ቄስ ሙሉቀን።

«ይቀበሉኝ፣ አባ» አሉ አያ የሺዋስ።

«አልቀበልህም። ባለቤቱ ውስጥ ነው። ገብተህ አስረክብ።»

«ታቦቱ ሊወጣ ነው እኮ። ያለ ጥላ ሊወጣ ነው?»

«ይቆያል። አንተን ስንት ዓመት ጠብቋል፤ ዛሬ ትንሽ ቢጨምር አይከፋውም።»

«አባ፣ ሰው እያየ…»

«ያኔም ሰው እያየ ነበር» አሉ ቄስ ሙሉቀን፤ በቁጣ አልነበረም፤ ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር።

ዝናቡ ወረደ፤ የሰኔ ዝናብ፣ ሳያንጠባጥብ በአንድ ጊዜ የሚለቅ። አያ የሺዋስ ጥላውን ከፈቱና እጃቸውን አርቀው ሽማግሌውን ከለሉ። ራሳቸው ውጭ እየረጠቡ፣ ጥላው ውስጥ። ቀዩ ከፋይ በሩን እንዳለ ሞላው። ከበሮው ተመታ፣ ሕዝቡ ገፋ። ለአፍታ ዓይኔን ከበሩ ላይ ነቀልሁ። መልሼ ሳይ በሩ ላይ ማንም የለም። ብዙም ሳይቆይ ታቦቱ ወጣ፤ ከላዩ ያ ጥላ አለ፣ አንድ የማላውቀው ዲያቆን ይዞታል። ማን እንዳስገባው አላየሁም።

በሳምንቱ ትምህርት ተዘጋ። አያ የሺዋስ በረንዳቸው ላይ እንደ ወትሮው ይሰፋሉ፤ ሰላም ይሉኛል። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል፤ የሸሚዛቸው የላይኛው ቁልፍ ተቆልፏል። ከሥሩ ማተብ ይኑር አይኑር ማየት አይቻልም። ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት በረንዳው ላይ ቆሜ ማንበቤ ትዝ ይለኝና እዘጋዋለሁ። በመስከረም ወደ ማርቆስ ተዛወርሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ መሞታቸውን ሰማሁና አምበር ወርጄ ነበር። የተቀበሩት ሚካኤል ግቢ ውስጥ ነው። አንድ ጎረቤታቸው፣ «በዚያው በሚካኤል ቄድር ተነብቦላቸው ኖረዋል፤ ሲቆርቡ በዓይኔ አይቻለሁ» አለኝ። ሌላው፣ «ኧረ ተወው! አልገቡም፤ ቄስ ሙሉቀን ናቸው ‘እኔ ዋሱ ነኝ’ ብለው ያስቀበሯቸው» አለኝ። ሁለቱም ማሉልኝ። ቄስ ሙሉቀን ቀድመው አርፈዋል፤ የሚጠየቅ ሰው የለም። ሁለቱን ምስክርነት ማስታወስ እንጂ ማስታረቅ አልቻልሁም። አንዳንድ ቀን የጠፋ ልጅ ለመመለስ ደጅ መድረሱ ይበቃዋል እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ያ ሽማግሌ ወለሉን በዘንጋቸው የመቱት ይሰማኛል።

ይህን ሁሉ ለማኅሌት ነገርኋት። ወጧ ቀዝቅዟል። ባዶውን የተሰመረ ወረቀት በጣቷ እየገፋች ቆየችና፣ «እሺ፣ ግን ገቡ?» አለችኝ።

«አላየሁም አልሁሽ።»

«እንዴት አላየህም፣ አባዬ? በሩ ላይ ነበርህ እኮ!»

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ዝናቡ ሲወርድ ጎንበስ ብዬ ደብተሬ እንዳይርስ በነጠላዬ እየጠቀለልሁ ነበር።